ከዜማው በታች ያለ ስም

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ አበው። ሆኖም ባለቤቱ ገና በሕይወት ሳለ፣ በመድረክ ላይ ቆሞ በብዙ ሰው ፊት ሥራውን እየሠራ የሚቀበር ስምም አለ። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ስላለው ሙያና በሙያው ስለ ተራቀቁ ሰዎች፣ ይልቁንም ስለ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ስለ ጆቫኒ ሪኮ ነው። ከቀባሪዎቹ አንዱ እኔ ራሴ ስለነበርሁ ግን ታሪኩን ከራሴ በደል ልጀምር።

በ1973 ዓ.ም. በልደታ አካባቢ በሚገኝ አንድ ቀበሌ የኪነት ቡድን ጸሐፊ ነበርሁ። ቡድናችን ከሥራና ከትምህርት ሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ እየተሰበሰበ ይለማመድ ነበር። ንብረታችን ብዙ አልነበረም፤ ክራርና ማሲንቆ፣ አንድ አኮርዲዮን፣ ቆዳው የላላ ድራም፣ አንድ ሊድ ጊታርና አንድ ቤዝ ጊታር። ቤዙን የሚይዘው በተግባረ ዕድ የኤሌክትሪክ ሙያ ይማር የነበረ ዝምተኛ የሰፈራችን ልጅ ነው። የቤዝ ክር በገበያ እንደ ልብ አይገኝም፤ ቢገኝም በእኛ አቅም አይገዛም። ስለዚህ ክሮቹ ላብና አቧራ ጠጥተው ድምፃቸው ሲደነዝዝ ይፈታቸውና በእናቱ ድስት ውኃ ውስጥ ይቀቅላቸዋል። ቆሻሻው ሲለቅ ክሩ ለጥቂት ቀናት እንደ አዲስ ይናገራል። እናቱም «የሰው ልጅ ሽሮ ይሠራል፣ የእኔ ልጅ ሽቦ ይቀቅላል» እያሉ ጎረቤቱን ያስቁት ነበር።

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ቤዝ ጊታር ለእኔ የባንዱ ማሟያ እንጂ ራሱን የቻለ ሙያ መስሎ አይታየኝም ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ወደ ቤቱ ጠራኝ። ከተጣለ ትልቅ ራዲዮ ያወጣውን የድምፅ ማውጫ ከጣውላ በሠራው ሣጥን ውስጥ ገጥሞ ከካሴት ማጫወቻው ጋር አገናኝቶታል። የከፈተልኝ ከሸክላ ወደ ካሴት የተገለበጠውን የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ነበር። ዘፈኑን ደጋግሜ ሰምቼው በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ሰምቼው አላውቅም። ከማሕሙድ ድምፅ ሥር፣ ከሳክስፎኑም ሥር፣ አንድ ሌላ ሰው ሳይቸኩልና ሳይዘገይ ይራመድ ነበር።

«ይህ ማን ነው?» አልሁት።

«እስከ ዛሬ አልሰማኸውም?»

«በእኛ ቴፕ ላይ የለም።»

«አለ እንጂ። የእናንተ ቴፕ አፉ ጠባብ ሆኖ ነው። ሰውዬው ጆቫኒ ይባላል፤ ጆቫኒ ሪኮ።»

የነገረኝ እውነት ነበር። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ይህም ከተራው ጊታር ወፍራም ክር በግማሽ ያነሰ ነው። መዳፍ የማታህል የቴፕ ድምፅ ማውጫ ያን ያህል የወረደ ድምፅ አየሩን ገፍታ ልታወጣ አትችልም። ስለዚህ በየቤቱና በየሻይ ቤቱ በትንንሽ ቴፕ ዙሪያ የተሰበሰብን ሁሉ የቤዙን ጥላ እንጂ ቤዙን ራሱን አልሰማንም ነበር ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ እግራችን መሬቱን የሚመታው ያንን ጥላ ተከትሎ ነው።

ጆቫኒ ሪኮ ከጊታር ተጫዋቹ ከሰላም ሥዩም ጋር የአይቤክስ ባንድ ምሰሶ ነበር። «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ አሳታሚነት ሲወጣ ማሕሙድን ያጀበው ይኸው ባንድ ነው። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ባንዱ ያለ ድምፃዊ፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ በራስ ሆቴል አዳራሽ ቀረጸ። ግጥም በሌለበት በዚህ ሥራ አድማጩ የሚደገፈው በመሣሪያዎቹ ጭውውት ብቻ ስለሆነ ቤዙ ከመጋረጃ በስተጀርባ የሚቀርበት ምክንያት አልነበረም። ቆይቶም በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አይቤክስ ስሙን ለውጦ ሮሃ ተባለ። ሮሃ የላሊበላ የጥንት ስም ነው፤ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የቆመ ሥራ ላላት ከተማ የተሰጠ ስም ለዚህ ባንድ መዋሉ ተገቢ ይመስለኛል።

ዘመኑ ሸክላ በካሴት የተተካበት ዘመን ነበር። ማሕሙድ አሕመድ፣ ጥላሁን ገሠሠ፣ ኤፍሬም ታምሩ፣ ነዋይ ደበበና ሌሎችም ብዙ ድምፃውያን በሮሃ ታጅበው ዘፈኖቻቸውን አስቀርጸዋል። ስለ ባንዱ የጻፉ ሰዎች ጆቫኒና ሰላም የተሳተፉባቸውን አልበሞች ወደ 250፣ ዘፈኖቹን ወደ 2,500 ያደርሷቸዋል። በአጭሩ፣ በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ የተዳረ፣ የተመረቀ ወይም በአውቶቡስ ወደ ክፍለ ሀገር የተጓዘ ሰው ሁሉ፣ ስሙን ባያውቅም፣ የጆቫኒን ጣቶች ሰምቷል።

የዚህ ሰው ረቂቅነት ምኑ ላይ ነው? በሙዚቃ ዓለም ብዙ ጊዜ የችሎታ መለኪያው ፍጥነት ነው፤ ጣቱ የማይታይ ሰው ይጨበጨብለታል። የእኛ ዘፈን ግን ከቤዝ ተጫዋች የሚሻው ሌላ ነገር ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት አምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው። ቤዙ እንደ ውጭው ሙዚቃ ከአንዱ የድምፅ ኅብር ወደ ሌላው እየዘለለ የሚያመለክተው መንገድ እምብዛም የለም። በምትኩ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ፣ ስድስት ምት በሚሽከረከርበት ችክችካ ላይ እየተመላለሰ፣ ድራሙ የመታውን ከዜማው ጋር ያስታርቃል። ሐረጓ ስትደጋገም እንዳታሰለች አንዲቷን ድምፅ ጥቂት ያዘገያታል፤ ሌላዋን ጭራሽ ይተዋታል። የሚተዋት ድምፅ ከሚመታት ትበልጣለች። ድምፃዊው እንጉርጉሮውን አስረዝሞ ከምቱ ሲወጣ ቤዙ ቦታውን ይጠብቅለታል፤ ሲመለስም ቤቱን እንደተወው ያገኘዋል። በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ባንዱና ድምፃዊው አንድ ላይ ሆነው ይቀረጹ ስለነበር የአንዱ ስሕተት ሁሉንም ወደ መጀመሪያው ይመልሳል። በዚህ ሁኔታ አልበም በአልበም ላይ ሳይናወጡ መቆም የጣት ብቻ ሳይሆን የባሕርይ ጥንካሬም ይጠይቃል።

ጆቫኒ በዚህ ሙያ ብቻውን አልነበረም። የዋልያስ ባንድ ቤዝ ተጫዋች መላከ ገብሬ ስሙ አብሮ ሊነሣ ይገባል። አይቤክስም ዋልያም የአንድ እንስሳ ስም መሆኑ ያስገርማል፤ ሁለቱ ባንዶች በአንድ ገደል ላይ የወጡ ሁለት ዋልያዎች ነበሩ። ዋልያስ በሂልተን ሆቴል ለዓመታት ሲጫወት ከተማዋ በሰዓት እላፊ ትተዳደር ነበርና፣ በየምሽት ክበቡ በሩ ተዘግቶ እስኪነጋ የሚጨፈርበት ጊዜ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ለሚጨፍር ሰው የሚቆም ቤዝ ተጫዋች ምን ያህል ትከሻ እንደሚያስፈልገው አንባቢ ይገምት። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረው «ቼ በለው» የዚህ ባንድ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሲያበቃ መላከ እዚያው ከቀሩት አንዱ ሆነ፤ ከኃይሉ መርጊያና ከሞገስ ሀብቴ ጋርም ዙላ ባንድን መሠረቱ።

አሁን ወደ በደሌ ልመለስ። በዚያው በ1973 ዓ.ም. ቡድናችን በሁለት ተከታታይ ምሽቶች ዝግጅት እንዲያቀርብ ተወሰነ። የዝግጅቱን ዝርዝር በስቴንስል ጽፎ ማባዛት የጸሐፊው ሥራ ነበር። የድምፃውያኑን፣ የተወዛዋዦቹን፣ የግጥም አንባቢውንና የተውኔቱን ደራሲ ስም ጻፍሁ። መድረኩን በወረቀት አበባ ያስጌጡት ሁለት ወጣቶች እንኳ ተጠቀሱ። በመጨረሻ «በቡድኑ ባንድ አጃቢነት» ብዬ ዘጋሁት። የቤዙ ልጅ ወረቀቱን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ አጣጥፎም ኪሱ ከተተው። አንድ ቃል አልተናገረም።

በመጀመሪያው ምሽት በሦስተኛው ዘፈን መካከል የቤዙ ገመድ ከመሰኪያው ላይ ተበጠሰ። እኔ ከመጋረጃው ጎን ቆሜ ነበርሁ። አንዳች ነገር መጉደሉን ሁሉም ተሰማው፤ ምን እንደጎደለ ግን ማንም አላወቀም። ድራሙ ብቻውን የሚያንኳኳ መሰለ። ድምፃዊቷ ከቅኝቱ ጥቂት ከፍ አለች። እስክስታ የሚመቱት ልጆች ትከሻቸው እየተላለፈ እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። እርሱ ግን ሳይደናገጥ ተንበርክኮ ገመዱን በጥርሱ ላጠ፤ ጫፉን ጠምዝዞ በመሰኪያው ውስጥ አሰረና ተነሣ። ቤዙ ሲመለስ ትከሻዎቹ ሁሉ በአንድ ምት ወረዱ። ተመልካቹም አጨበጨበ፤ ያጨበጨበው ለድምፃዊቷ ነበር።

በዚያች ሌሊት የገባኝን ነገር በሌላ ትምህርት አላገኘሁትም። ሆኖም በደሌ ከዚህ በኋላ ያደረግሁት፣ ወይም ያላደረግሁት ነው። የሁለተኛው ምሽት ወረቀት ገና አልተባዛም ነበር። አንድ መስመር ልጨምር እችል ነበር። ስቴንስሉ ተቆርጧል፣ ሌላ ማግኘት ያስቸግራል ብዬ ያንኑ አባዛሁ። ባለማወቅ የተዘለለ ስም አንድ ነገር ነው፤ አውቆ የተዘለለ ግን ሌላ ነው።

ይህ የእኛ አገር ጉድለት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ለሞታውን ኩባንያ ስፍር ቁጥር የሌላቸውን ዝነኛ ዘፈኖች በቤዙ የተሸከመው ጄምስ ጄመርሰን ለዓመታት ስሙ በሸክላ ልባስ ላይ አልወጣም። ስሙ በጉልህ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሞት በስሙ የሚያውቀው ሕዝብ ጥቂት ነበር፤ በጣቱ ያላወቀው ግን አልነበረም። በእኛም የካሴት ልባስ ላይ የድምፃዊው ፎቶግራፍ ሙሉ ገጹን ሲይዝ ባንዱ ቢበዛ በአንዲት መስመር ይጠቀሳል፤ በባንዱ ውስጥ ማን ምን እንደተጫወተ የሚነግረን ግን እምብዛም ነው። ገዢው የሚፈልገው ድምፃዊውን ነው የሚለው የነጋዴ ምክንያት ይገባኛል። እኛ ግን ነጋዴ አልነበርንም። የምንሸጠው ካሴት ሳይኖረን ያንኑ ልማድ ወደ አዳራሻችን አስገባን።

ጓደኛዬ ትምህርቱን ጨርሶ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ሄደ። ልደታም ተለወጠች። የልጅነታችን የጭቃ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ቆመዋል፤ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ቀላል ባቡር በሰፈሩ ያልፋል። ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበተነ። ይሁንና በግንቦት ልደታ ቀን የቀድሞው ሰፈርተኛ ከያለበት ይመጣል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ቡናው ይፈላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ ቀን ከጓደኛዬ ጋር ተገናኘን። ሁለታችንም ጸጉራችን ነጥቧል። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ከበሮ ይሰማ ነበር፤ ከሩቅ ሲሆን ዜማው ይጠፋና የከበሮው ወፍራም ድምፅ ብቻ ይቀራል። «መጨረሻ ላይ የሚቀረው ያ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ አርባ ዓመት የተሸከምሁትን ነገር ነገርሁት፤ ስሙን አውቄ እንደተውሁት።

ንፍሮውን እየቆረጠመ ጥቂት ዝም አለ። «አውቄአለሁ» አለኝ። «የሁለተኛውን ምሽት ወረቀትም አንብቤው ነበር።»

በመጽሔት ላይ እንደምጽፈውና ስሙንም እንደማወጣው ነገርሁት። እጁን አወዛወዘ። «የእኔን ተወው፤ እኔ የሠራሁት የሁለት ምሽት ሥራ ነው። ስም ለመጻፍ ከፈለግህ እኔ ቴፕ ላይ ተደፍቼ ጣቴ እስኪደማ የኮረጅኋቸውን ጻፍ።»

ስለዚህ ጽፌአለሁ፦ ጆቫኒ ሪኮ፤ መላከ ገብሬ። ይህን የሚያነብቡ መምህራን፣ የባህል ሠራተኞችና የኪነት አስተባባሪዎች ነገ የትምህርት ቤት በዓል ወይም የወጣቶች መድረክ ሲያዘጋጁ የዝግጅቱን ዝርዝር የሚጽፍ ሰው ከመካከላቸው መኖሩ አይቀርም። ወረቀቱ ሲጠብበት አንድ መስመር እንዲጨምር አደራ እላለሁ። እኔ የነፈግሁት ያችኑ አንድ መስመር ነበር።