ሽበት በጥድፊያ አይሸፈንም

ሽበት የዕድሜ ክብር ነውና ማንም ሊያፍርበት አይገባውም። ዳሩ ግን ሽበቱን ሊሸፍን የወደደ ሰው ሥራውን ዐውቆ ቢሠራው ይሻላል፤ ሳያውቁ የቀቡት ቀለም ሽበትን ከመሸፈን ይልቅ አጕልቶ ያሳያልና። እኔ ይህን የተማርኩት በታላቅ እኅቴ ራስ ላይ ነው። ምናልባት ለእናቶችና ለእኅቶች ይጠቅም ይሆናል በማለት የደረሰብንን ነገር እጽፋለሁ።

እኅቴ ባለቤታቸው በ2013 ዓ. ም. በሞቱባቸው ጊዜ እንደ ጥንቱ ልማድ ጠጕራቸውን ተላጩ። የሐዘኑ ዓመት አልፎ ጠጕራቸው ተመልሶ ባደገ ጊዜ፥ ቀድሞ ጣል ጣል ያለ ሽበት ብቻ የነበረበት ራስ እንደ ባዘቶ ነጭ ሆኖ ተገኘ። እርሳቸውም ወደ ጠጕር ቤት ሄደው ጥቍር ቀለም ተቀቡ። ወዲያው ጎረቤት «ሐዘኗን ረሳች» እያለ ያማቸው ጀመር። ጠጕር በየወሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋልና፥ ጥቂት ቈይቶ ነጩ ከሥሩ ብቅ አለ። ያን ጊዜ የታናሽ ልጃቸው ሠርግ ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር።

«ከሥሩ ያለውን አንቺ በቤት ቀቢልኝ» አሉኝ።

«እትዬ፥ አሁንስ ቢተዉት አይሻልም? ሰው ሐዘንዎን ረሱ እያለ ያማዎታል» ብላቸው፥ «ሐዘኔ በልቤ ነው እንጂ በጠጕሬ ላይ አይደለም። አባቷ በሌሉበት ሠርግ ልጄ እኔንም ደክሜ እንድታየኝ አልወድም» ሲሉ መለሱልኝ።

ይህን ሰምቼ እንቢ ማለት አልቻልኩም፤ ነገር ግን ሐሜቱን ስለ ፈራሁ ሥራውን የጀመርኩት ልቤ ሳይወድ ነበር። ቀለሙን ከሥር እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ አለበስኩትና ገና በ15ኛው ደቂቃ አጠብኩት። ጠጕሩ ሲደርቅ፥ ቀድሞ የተቀባው ጫፍ እንደ ከሰል ጠቍሮ፥ በግንባራቸው ዳርና ከጆሮአቸው በላይ ያለው ግን ነጭ እንደ ሆነ ቀረ። እኅቴ በመስተዋት አይተው ምንም ሳይናገሩ ሻሻቸውን አነሡና አሰሩ። ቢቈጡኝ በተሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ወደ ኖሩ አንዲት ጠጕር ሠሪ ሄጄ ጥፋቴን ነገርኳቸው። እርሳቸውም እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። ሽበት ማለት ጠጕር ሜላኒን የሚባለውን የተፈጥሮ ቀለሙን አጥቶ መብቀሉ ነው። በውስጡ ምንም መሠረት ስለሌለው ቀለሙ ሁሉ ከውጭ ሊገባለት ያስፈልጋል፤ አንዳንዱም ሽበት ሸካራ ስለ ሆነ ቀለምን ቶሎ አይቀበልም። በቀለሙ ውስጥ ያለው አሞኒያ የጠጕሩን ቅርፊት ይከፍታል፤ ሃይድሮጂን ፔሮክሳይድም ቀለሙ በውስጡ እንዲፈጠርና እንዲጸና ያደርጋል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፤ እኔ የነፈግሁትም ይህንኑ ጊዜ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሥራውን በየተራው አስተማሩኝ። አስቀድሞ፥ ከመቀባቱ 48 ሰዓት በፊት ጥቂት ቀለም በክርን ውስጥ በኩል ቀብቶ መፈተን ይገባል። በብዙ ቀለሞች ውስጥ ያለው ፓራ ፌኒሊን ዲያሚን አንዳንዱን ሰው ክፉኛ ያሳብጣል፤ ትናንት የተስማማውም ሰው ነገ ላይስማማው ይችላል። ጥቍር ሂና ነው ተብሎ በሚሸጠውም ውስጥ ይኸው ነገር ሊገኝ ይችላል፤ ንጹሕ ሂና ነጭ ጠጕርን ብርቱካንማ ያደርጋል እንጂ አያጠቍርም።

ሁለተኛ፥ ለሽበት የሚመረጠው ተፈጥሮአዊ የሚባለው ቀለም ነው። ቀይ ወይም ወርቃማ ቀለም የሚወድ ሰው ከዚሁ ጋር ይቀላቅለው፤ ብቻውን ከሆነ በነጩ ላይ ሳስቶ ይታያል። የሚቀላቀለውም ፔሮክሳይድ እንደ ደንቡ 6 በመቶ፥ ማለት በጠርሙሱ ላይ 20 ቮልዩም ተብሎ የተጻፈው ነው። መበጥበጫው ሳሕን ከብረት የተሠራ አይሁን።

ሦስተኛ፥ ጠጕሩ በደረቁ በአራት ይከፈላል፤ ቆዳው እንዳይጠቍር በግንባር ዳር ቫዝሊን ይቀባል። ከዚያ በኋላ ሽበቱ ከሚበዛበት ቦታ ጀምሮ፥ በሚዶ ጫፍ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል እየከፈሉ፥ ቀለሙን አወፍሮ በነጩ ላይ ብቻ ማድረግ ነው። ቀድሞ የተቀባው አይነካም፤ ቀለም በቀለም ላይ ሲደራረብ ጠጕሩን ያደርቃል፥ ያጨልመዋልም። ሰዓቱ የሚቈጠረው የመጨረሻው ቦታ ከተቀባ በኋላ ነው፤ መቈያውም በማሸጊያው ላይ እንደ ተጻፈው ሲሆን ለሽበት ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ነው። ከመታጠቡ በፊት ጥቂት ጠጕር በጥጥ ጠርጎ ሽበቱ መያዙን ማየት ይገባል።

ከ10 ቀን በኋላ፥ ፈተናውን ፈጽሜ፥ ከሥሩ ያለውን ብቻ ቀባሁላቸው። 40 ደቂቃውን ስንጠብቅ እኅቴ ባለቤታቸው በሠርጋቸው ቀን ጫማ ጠብቧቸው እንዴት እያነከሱ እንደ ገቡ አጫወቱኝ፤ ሁለታችንም ሥቀን አለቀስን። ጠጕሩም ታጥቦ ሲደርቅ ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ሆነ። በሠርጉ ቀን ሙሽራዪቱ እናቷን አይታ አንገታቸውን አቀፈች። ሲያሟቸው ከነበሩትም ሴቶች አንዲቱ ቀስ ብላ ጠጋ አለችኝና «ማን ቀባቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ እቀባቸዋለሁ፤ ቀለሙ እስኪይዝ ድረስ ስለ ባለቤታቸው ያጫውቱኛል። ሐዘናቸውን ረስተዋል ያለ ሰው ያንን 40 ደቂቃ ከእኛ ጋር ቢቀመጥ ኖሮ ባላማቸው ነበር። ሽበትን መተውም መሸፈንም የባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ ሊረዳው የተነሣ ሰው ግን በሙሉ ልቡና በሙሉ ሰዓቱ ይርዳው።