አስቀድሞ መዝገቡ፣ ከዚያ በኋላ ማሳመሪያው

በፎቶግራፍ ሞያ የምትተዳደሩትም ሆናችሁ የቤተ ሰባችሁን ሥዕል በየሃርድ ዲስኩ አከማችታችሁ የምትኖሩት፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ የምታቀርቡልኝ ጥያቄ «ለፎቶ ኤዲት የሚሻለው ሶፍትዌር የትኛው ነው?» የሚል ነው። ጠያቂው በልቡ የሚመኘው ብዙውን ጊዜ የፊትን ወዝ የሚያሳምርለትን፣ የጥለቱን ኅብር ቁልጭ አድርጎ የሚያወጣለትን፣ ደመና ያጠላበትን ሰማይ የሚያጠራለትን መሣሪያ ስለ ሆነ፣ መልሱም ስለ ቀለምና ስለ ብርሃን ብቻ እንዲሆን ይጠብቃል። እኔ ግን ነገሩን ደጋግሜ ባሰብሁት ቍጥር ጥያቄው ከጅራቱ የተያዘ መስሎ ይታየኛል፤ ዛሬ ስማቸው የታወቀው ሶፍትዌሮች ሁሉ ሥዕልን በማሳመር ረገድ እጅግ ተቀራርበው ሳለ፣ ሥዕልን በመመዝገብ፣ በመጠበቅና ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ዕቃውን ይዞ እንዲወጣ በመፍቀድ ረገድ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉና።

በማሳመሩ በኩል ያለውን በአጭሩ ተናግሬ ልለፍ። በመቅደሱ ደጅ በጧፍ ብርሃን የቆሙ ዲያቆናትን ወይም በቀትር ፀሐይ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራን ያነሣ ሰው እንደሚያውቀው፣ ነጩ ልብስ ሲቃጠልና ጠይሙ ፊት ሲጨልም የሚታደገው ካሜራው ራው በሚባለው ጥሬ መልክ ያስቀመጠው ፋይል ነው፤ ይኸውም ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃዎችን ብቻ ሲይዝ፣ ባለ 14 ቢት ራው 16,384 ደረጃዎችን ስለሚይዝ፣ በጽልመት ውስጥ የተሰወረውን መልክ ያለ ብዙ ጉዳት ወደ ብርሃን ለማውጣት ይቻላል። ይህን ጥበብ ላይትሩምም ካፕቸር ዋንም፣ በነፃ የሚታደሉት ዳርክቴብልና ራውቴራፒም ያውቁታል። በእርግጥ የአንዱ ጠባይ ከሌላው ይለያል፤ ዳርክቴብል ለምሳሌ ኀይሉ ብዙ ሆኖ ሳለ ትዕግሥት ለሌለው ሰው ደጁ ጠባብ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ አንዱን ጠንቅቆ የተማረ ሰው ያወጣውን ሥዕል አልበም ላይ አይቶ «ይህ በእገሌ ሶፍትዌር የተሠራ ነው» ብሎ የሚለይ ደንበኛ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

አሁን የሥራውን አካሄድ እንመልከት። አንድ የአዲስ አበባ የሰርግ ፎቶግራፍ አንሺ ከማለዳ ጀምሮ በሙሽራዪቱ ቤት፣ ቀጥሎ በቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም በመናፈሻ፣ ማታም በድግሱ አዳራሽ ሲሯሯጥ ውሎ፣ ከረዳቱ ጋር በሁለት ካሜራ 3,000 ያህል ሥዕል ይዞ ወደ ቤቱ ቢገባ፣ አንዱ ራው ፋይል 30 ሜጋባይት ቢሆን እንኳ የዚያ ቀን ሥራ ብቻ 90 ጊጋባይት ይሆናል፤ መልሱና ቅልቅሉ ገና አልተጨመሩም። ሙሽሮቹ በማግሥቱ ጥቂት ሥዕሎች በቴሌግራም እንዲላኩላቸው ይፈልጋሉ፤ ለአልበሙ የሚመረጠው ግን ጥቂቱ ብቻ ነው። እንግዲህ የዚህ ሰው ጊዜ የሚባክነው ቀለም በማስተካከል ሳይሆን በመምረጥ ነው፤ ዐይኑን የጨፈነውን ሚዜ፣ እጁ የተንቀጠቀጠበትን የቀለበት ሥዕል፣ ሰባት ጊዜ የተደጋገመውን የኬክ ቈረሳ አንድ በአንድ እያየ ሲጥል ሌሊቱ ይነጋል።

ከዚህም ሌላ የመዝገቡ እውነተኛ ፈተና የሚመጣው በዚያ ሳምንት ሳይሆን ከዓመታት በኋላ ነው። አንዲት እናት ስልክ ደውለው «ልጄ፣ የዛሬ አራት ዓመት በልጃችን ሰርግ ላይ ጋቢ ለብሰው የተነሡት የአባባ ፎቶ ይኖርህ ይሆን? ነገ ነው ቀብራቸው» ያሉ እንደ ሆነ፣ ሥዕሉን በሩብ ሰዓት ውስጥ አግኝቶ ለሚልከው ባለሞያና አምስት ሃርድ ዲስክ ሰክቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስስ ለሚያድረው ባለሞያ፣ ልዩነቱን ያመጣው የቀለም ማስተካከያው አይደለም።

በዚህ ረገድ ሶፍትዌሮቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ፎቶ ሜካኒክን የመሰለው የመጀመሪያው ወገን ፎልደሩን ከፍቶ ያለውን ከማሳየት በቀር የራሱን መዝገብ ያዙልኝ አይልም፤ በእያንዳንዱ ራው ፋይል ውስጥ ካሜራው ራሱ የከተታትን ትንሽ ጄፔግ አውጥቶ ስለሚያሳይ ፍጥነቱ የሚያስደንቅ ነው፣ የጋዜጣና የስፖርት ፎቶግራፍ አንሺዎችም ጨዋታው ሳያልቅ ሥዕል መላክ ስላለባቸው አጥብቀው ይወዱታል። ሁለተኛው ወገን ላይትሩም ክላሲክን የመሰለው ነው፤ እርሱ ሥዕሎቹን ካሉበት ፎልደር ሳያነሣ፣ ስለ እነርሱ የሚያውቀውን ሁሉ፣ ለደረጃቸው የተሰጠውን ኮከብ፣ መለያ ቃሉን፣ የተደረገውን ማስተካከያ ሳይቀር፣ ካታሎግ በሚባል አንድ መዝገብ ይጽፋል፤ በዚህም የተነሣ የዐሥር ዓመት ሥራ በአንድ ቃል ይፈለጋል። ነገር ግን ባለቤቱ ፎልደሩን ከሶፍትዌሩ ውጪ በእጁ ያዛወረው እንደ ሆነ፣ መዝገቡ ዱካውን ያጣና ሥዕሉን ጠፍቷል ብሎ ያመለክታል። ካፕቸር ዋን በመካከል መንገድ ይሄዳል፤ ካታሎግ ለሚሻ ካታሎግ፣ አንድን ሥራ ለብቻው አስሮ ለማስቀመጥ ለሚሻ ደግሞ ሴሽን የሚባል፣ የተነሣው፣ የተመረጠው፣ ተሠርቶ የወጣውና የተጣለው በየፎልደሩ የሚለይበት ሥርዐት አለው። ለሰርግና ለማስታወቂያ ሥራ፣ በእኔ ፍርድ፣ ይህ የሴሽን ሥርዐት እጅግ የተመቸ ነው፤ የአንዱ ደንበኛ ዕቃ ከሌላው ሳይደባለቅ እንዳለ ወደ ማስቀመጫው ዲስክ ይገለበጣልና።

ሶፍትዌር ግን እንደ ሰው ይሞታል። አፕል አፐርቸር የተባለውን የፎቶግራፍ ባለሞያዎች ሶፍትዌር በ2005 (ይህና ቀጥለው የሚመጡት ዓመታት፣ በእኛ አቈጣጠር ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው) ካወጣው በኋላ፣ በ2014 ልማቱን እንደሚያቆም አስታወቀ፣ በ2019 የወጣው ማክ ኦኤስም አልከፍትህ አለው፤ መዝገባቸውን ሁሉ በእርሱ ያኖሩ ሰዎችም ዕቃቸውን ተሸክመው መሰደድ ግድ ሆነባቸው። በብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ኮምፒዩተር ላይ የነበረው የጉግሉ ፒካሳም በ2016 ተቋረጠ። ጉግል ፎቶስ በ2015 ሲጀምር ያለ ልክ በነፃ አከማቻለሁ ብሎ፣ ከሰኔ 2021 ጀምሮ ግን አዲስ የሚገባውን ሁሉ ከ15ቱ ነፃ ጊጋባይት ላይ መቍጠር ጀመረ። ይህን የምዘረዝረው ኩባንያዎቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ነጋዴ ሱቁን የመዝጋት መብት አለው። ነገር ግን ወደ አንድ ቤት የሚገባ ሰው መውጫው በየት በኩል እንደ ሆነ አስቀድሞ ማየት ይገባዋል።

መውጫው እንግዲህ ኤክስ ኤም ፒ የሚባለው የጽሑፍ ሥርዐት ነው። ይህም ኮከቡን፣ መግለጫውንና መለያ ቃሉን በጄፔግ ከሆነ በፋይሉ ውስጥ፣ በራው ከሆነ ከፋይሉ ጎን በምትቀመጥ ትንሽ ፋይል የሚጽፍ ሲሆን፣ የተለያዩ ኩባንያዎች ሶፍትዌሮች ስለሚያነቡት ሥዕሉ ስሙን ይዞ ይጓዛል። ዳርክቴብል ይህችን የጎን ፋይል በመጻፍ የታወቀ ነው፤ በነፃ የሚገኘው ዲጂካምም እንዲጽፍ ከታዘዘ ይጽፋል። ላይትሩም ክላሲክ ግን ባለቤቱ በካታሎጉ ማስተካከያ ገብቶ እንዲጽፍ ካላዘዘው በቀር የሚያውቀውን ሁሉ በልቡ ይዞ ይቀመጣል፤ ይህችን አንዲት ምልክት ሳያደርጉ ዓመታት የሠሩ ባለሞያዎች ብዙ ናቸው፣ እናንተም ከእነርሱ ወገን ከሆናችሁ ዛሬውኑ ከፍታችሁ እዩ። ይሁን እንጂ ሁሉ ነገር አይሻገርም። ኮሌክሽን የሚባለው ስብስብ በካታሎጉ ውስጥ ይቀራል፤ በአንዱ ሶፍትዌር የተደረገ የቀለምና የብርሃን ማስተካከያም በሌላው በአብዛኛው አይነበብም፤ ስለዚህ የተጠናቀቀውን ሥራ በሙሉ ጥራት በጄፔግ ወይም በቲፍ አውጥቶ ከራው ጋር ማኖር ግድ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች ያላሰቡት ችግር አለ፤ እርሱም ዘመን፣ ሰዓትና ፊደል ነው። ካሜራው የሚጽፈው በፈረንጅ አቈጣጠር ሲሆን ደንበኛው የሚጠይቀው በእኛው ነው፤ በእኛ አቈጣጠር የ2017ቱ ጥምቀት ጥር 11 ቀን በካሜራው መዝገብ ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ሆኖ ተጽፏል፣ የ2016ቱ ግን ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነበረ። ስለዚህ የፎልደሩን ስም «2025-01-19» ብሎ መጀመር፣ ቀጥሎም «ጥር 11 ቀን 2017 ጥምቀት ጃን ሜዳ» ብሎ መጨረስ፣ ኮምፒዩተሩም በየተራው እንዲደረድረው ሰውም እንዲያገኘው ያደርጋል። የሰዓቱ ነገር ከዚህ ይከፋል፤ አንዱ አንሺ ካሜራውን በሀገራችን ሰዓት፣ ረዳቱ ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ያስተካከሉ እንደ ሆነ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይገባና፣ ሶፍትዌሩ በጊዜ ሲደረድር ሙሽራዪቱ ከቤቷ ሳትወጣ ኬክ ስትቈርስ ትታያለች። የሥዕሎቹን ሰዓት አንድ ላይ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚያዛውር ሶፍትዌር መምረጥ፣ ከዚያም ይልቅ ሁለቱን ካሜራዎች በዋዜማው ማስማማት ይገባል።

ፊደላችን በ1999 ወደ ዩኒኮድ ስለ ገባ መለያ ቃላትን በአማርኛ ለመጻፍ የሚከለክለን የለም። ነገር ግን ለኮምፒዩተሩ «ሰርግ» እና «ሠርግ»፣ «ጸሎት» እና «ፀሎት» ፍጹም የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በአንዱ የመዘገበ ሰው በሌላው ቢፈልግ ምንም አያገኝም፣ ሥዕሉም በዲስኩ ላይ እያለ እንደ ጠፋ ይቈጠራል። እኔ መለያ ቃላቴን በተወሰነ ዝርዝር ይዤ፣ ከዝርዝሩ ውጪ አዲስ ቃል ያለ ምክንያት አልጨምርም፤ ላይትሩም ክላሲክ ለአንድ መለያ ቃል ተለዋጭ ቃላትን ማስገቢያ ስፍራ ስላለው፣ በዋናው «ሰርግ» ሥር «ሠርግ» የሚለውን ማኖር ከብዙ ፍለጋ ያድናል። የፊደልን ሥርዐት ጠንቅቀው ያስተማሩን መምህራን ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር ብዬ አስባለሁ።

የመዝገብን ክብር ለማወቅ የሚሻ ሰው የብራና መጻሕፍቶቻችንን ታሪክ ይመልከት። ከ1973 ጀምሮ በየአድባራቱና በየገዳማቱ ያሉት ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ ቅጂው በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ ብራና ቍጥር ተሰጠው፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በዚያ ብዙ ዓመት ተቀምጠው በየብራናው ያለውን ይዘት የሚገልጹ የካታሎግ ጥራዞችን ካዘጋጁት ሊቃውንት ዋነኛው ሆኑ። የማይክሮፊልም ማንበቢያው መሣሪያ ዛሬ እንደ ቅርስ ቢታይም ቍጥሩና መግለጫው ግን አላረጁም፤ ማንኛውም ተመራማሪ አሁንም ኢ ኤም ኤም ኤል የሚለውን የክምችቱን ምሕጻረ ስም ከቍጥሩ ጋር በመጥቀስ የሚፈልገውን ያገኛል። መዝገቡ በአንድ መሣሪያ ሆድ ውስጥ አልታሰረምና።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልበል። አዶቢ ላይትሩምን አንድ ጊዜ ከፍሎ ለዘወትር የሚያዝበትን አሠራር በ2015 በወጣው በላይትሩም 6 ከጨረሰ ወዲህ ክፍያው በየወሩ ወይም በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ ስለ ሆነ፣ ከአገር ቤት ካርድ አስፈቅዶ መክፈል ለብዙዎቻችን ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ ክፍያው ሲቋረጥ ማስተካከያው ክፍል ይዘጋል፣ ሥዕሎቹን ማየትና ማውጣት ግን ይቻላል። በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ የተደረገ ላይትሩም አልመክርም፤ ከስርቆቱም ሌላ፣ ያረጀው ስሪት አዲስ የተገዛውን ካሜራ ራው አያነብም፣ የደንበኛ አደራ ባለበት ኮምፒዩተር ላይም ቫይረስ ይዞ መግባቱ የታወቀ ነው። አቅሙ ለማይፈቅድለት ሰው ለመዝገቡ ዲጂካምን፣ ለማስተካከሉ ዳርክቴብልን አጣምሮ መያዝ የተከበረ መንገድ ነው። በስልኩ ብቻ የሚያነሣ ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ድካም ነፃ ነው፤ ለእርሱ ስናፕሲድ የተባለው የስልክ ማሳመሪያና በየወሩ ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ይበቃዋል።

እንግዲህ አዲስ ሶፍትዌር ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ የሙከራው ጊዜ ሳያልቅ ይህን አድርጉ። ካለፈው ሥራችሁ 200 ያህል ሥዕሎችን ወደ አዲስ ፎልደር ገልብጡ፤ ኮከብ ስጧቸው፣ በአማርኛ መለያ ቃል ጻፉባቸው፣ ወደ ፋይሉ እንዲጻፍም እዘዙ፤ ከዚያም ሶፍትዌሩን ዘግታችሁ ያንኑ ፎልደር በዲጂካም ወይም በነፃ በሚገኘው አዶቢ ብሪጅ ክፈቱት። ኮከቡና ቃሉ እንዳለ ከታየ ግዙት፤ ካልታየ ግን፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሌላ ፈልጉ።