አዛጦንን በአሽዶድ ፍለጋ

አሽዶድ በ1956 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሸዋ ክምር ላይ የተቈረቈረች፣ ሰፈሮቿም ሮቫ አሌፍ፣ ሮቫ ቤት እየተባሉ በዕብራይስጥ ፊደላት የሚጠሩ የእስራኤል የወደብ ከተማ ስለሆነች፣ ላሊበላንና ጎንደርን ያየ ኢትዮጵያዊ ጥንታዊ መቅደስ ፍለጋ ቢሄድባት ግድግዳው የቆመለት መቅደስ አይጠብቀውም። ይሁን እንጂ ቤተ እስራኤላውያን ዛሬ የሚኖሩባት ይህች ከተማ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለችም፤ እንግዳ ያስመሰላት ስሟ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ "አዛጦን" ብሎ የሚጠራት፣ ስሙ ከዕብራይስጡ "አሽዶድ" ሳይሆን ከግሪኩ "አዞቶስ" ስለተወረሰ ሲሆን፣ በመጨረሻው ላይ ያለችው "ን" እንኳ የግሪክኛው የተሳቢ ምልክት ሆና አብራ የተሻገረች ትመስላለች።

ጥንታዊቱ አዛጦን ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ገባ ብሎ በሚገኘው ቴል አሽዶድ ላይ ነበረች፤ "ቴል" ማለት ትውልድ በትውልድ ፍርስራሽ ላይ እየሠራ የቆለለው ጉብታ ነው። ፍልስጥኤማውያን ታቦቱን ማርከው በዳጎን ቤት ያኖሩት፣ ጣዖቱም በፊቱ ወድቆ የተሰባበረው በዚህች ከተማ እንደሆነ መጽሐፈ ሳሙኤል ስለሚተርክ፣ ታቦት በሚነግሥበት አገር ላደገ ሰው ጉብታው የሸክላ ስብርባሪ ብቻ አይሆንም። እዚያው የተገኙት የአሦር ንጉሥ የዳግማዊ ሳርጎን ሐውልት ቁርጥራጮችም በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 20 የተጠቀሰውን ዘመቻ የሚያስታውሱ ሲሆኑ፣ በዚያ ጊዜ የሸሸውን ያማኒ የተባለ የአሽዶድ ገዥ በሰንሰለት አስሮ ለአሦር የመለሰው የኩሽ ንጉሥ ነበር። የአማርኛው ትርጉም ኩሽን "ኢትዮጵያ" ቢለውም፣ የዚያ ንጉሥ መቀመጫ ዛሬ ሱዳን በምንለው የዓባይ ሸለቆ እንደነበረ ልብ ማለት ይገባል።

ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ከሁሉ የሚበልጠው ግን በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው አሽዶድ ያም፣ ማለትም "የባሕሩ አሽዶድ" ነው። በቢዛንታይን ዘመን ይህ የወደብ ሰፈር ከእናት ከተማው በልጦ እንደነበር፣ ዮርዳኖስ ውስጥ በማደባ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ በጠጠር የተነጠፈው የ6ኛው መቶ ዓመት ካርታ ያሳያል። በ2017 በተደረገ ቁፋሮ የተገኘው፣ ጳጳሱን ፕሮኮፒዮስን የሚጠቅሰው የግሪክኛ የወለል ጽሑፍ፣ በጆርጂያውያን አቆጣጠር 292 የሚል ዓመት የያዘ ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹ ይህ 539 እንደሆነ አስልተዋል። የጆርጂያ አቆጣጠር በፍልስጥኤም ዳርቻ ምን አመጣው ቢባል፣ መልሱ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ የሚነሣው የጆርጂያው ልዑልና የጋዛ አጠገብ ከተማ የማዩማ ጳጳስ የነበረው ጴጥሮስ ኢቤራዊ ነው። ጴጥሮስ በሕይወቱ መጨረሻ በዚህ ዳርቻ የተቀመጠ ከመሆኑም በላይ የ451ዱን የኬልቄዶን ጉባኤ ካልተቀበሉት ወገን ስለነበር፣ ጉባኤውን የማትቀበለው የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጅ በዚያ አሸዋ ላይ ሲቆም በእምነት ዘመዱ ደጅ እንደቆመ ቢቆጥረው አይፈረድበትም።

በዚያው ዳርቻ በኡመያውያን ዘመን የተሠራው ምሽግ፣ ሚናት አል-ቃልዓ ("የምሽጉ ወደብ")፣ በከተማዋ ከምድር በላይ ከቀሩት ጥንታዊ ነገሮች ዋነኛው ነው። በ10ኛው መቶ ዓመት የጻፈው የጂኦግራፊ ሊቅ አል-ሙቀደሲ እንደሚለው፣ ምርኮኞችን ለቤዛ የጫኑ የሮም መርከቦች ሲታዩ በዚህ ዳርቻ ወደቦች ማማዎች ላይ ቀን ጭስ፣ ሌሊት እሳት ይነሣ ነበር፤ ዋጋውም ለሦስት ሰው 100 ዲናር ነበር።

ለእይታ የሚመረጠው ግን የመብራት ማማ የቆመበት ጊቫት ዮና፣ የዮናስ ኮረብታ ነው። ነቢዩ እዚያ ተቀብሯል የሚለው የአካባቢው ትውፊት በጾመ ነነዌ መጽሐፉን ለሰማ ኢትዮጵያዊ ይጥም ይሆናል፤ ይሁንና መጽሐፉ ራሱ ዮናስን ወደ ባሕር የሚያወርደው ከኢዮጴ ስለሆነ፣ ሌሎች አገሮችም መቃብሩ የእኛ ነው ስለሚሉ፣ ትውፊቱን ከትውፊትነት አሳልፎ ማስረጃ ማድረግ አይገባም። ከኮረብታው ሲታይ ከወደቡ ክሬኖች ባሻገር ዳርቻው ወደ ደቡብ ወደ ጋዛ፣ ወደ ሰሜን ወደ ያፎ (ኢዮጴ) ይዘረጋል፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 መሠረት ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በጋዛ መንገድ ከተጠመቀ በኋላ ጉዞውን ወደ አገሩ ሲቀጥል፣ ያጠመቀው ፊልጶስ ደግሞ በአዛጦን ታይቶ በከተሞቹ እየሰበከ በዚህ ዳርቻ ወደ ቂሣርያ ሄዷል።