የእናቴ ራዲዮ

አንባቢ ሆይ፤ መምህር ሁሉ ያስተማረውን ያስተውላል ብለህ እንደ ሆነ ተሳስተሃል።

በመጀመሪያ ደመወዜ ኤፍ ኤም ብቻ የምትቀበል ትንሽ ራዲዮ ገዝቼ፥ ከጣርማ በር በታች በሸለቆ ለምትኖረው እናቴ ላክሁላት። በስልክ በጠየቅኋት ቁጥር «እንዴታ ልጄ፤ ታሰማለች» ትለኝ ነበር። ለፋሲካ ብሄድ ግን ራዲዮዋ በነጭ ጨርቅ ተሸፍና ተቀምጣለች። ብከፍታት ከመንሿሿት በቀር ድምፅ የላትም።

ምክንያቱን ሳስበው አፈርሁ። አጭር ሞገድ ከላይኛው አየር ተንጸባርቆ አገር ያቋርጣል፤ የኤፍ ኤም ሞገድ ግን እንደ ዓይን ፊት ለፊቱን ብቻ ነው የሚያየው። ምሰሶው 100 ሜትር ከፍ ቢል በሜዳ ላይ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ 400 ሜትር ቢሆን እጥፉን ይሄዳል። ስለዚህ 97.1ም ይሁን 102.1፥ የጣቢያ ብልጫ በቁጥሩ ሳይሆን በምሰሶው ከፍታና በማሠራጫው ጉልበት ነው። ተራራ ከጋረደው ግን ከወዲያ ያለው ሸለቆ ድርሻ የለውም። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ!

አጭር ሞገድ ለሚቀበለው ለሟቹ አባቴ አሮጌ ራዲዮ ባትሪ ገዛሁለት። ማታ ከሩቅ የመጣ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

እናቴ ግን የኔይቱን መልሳ በጨርቁ እየሸፈነች፥ «ያንተዋም እኮ ታምራለች» አለችኝ።