እማዬ የት ትቀመጥ?

አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶቼ ስደውል "የምኖረው ኦግደን ነው" ካልኩ ሁልጊዜ አንዱ ይደነግጣል። "ኦጋዴን? ካናዳ ሄደ አልተባለም እንዴ!" ይላል። ኦግደን ሌላ ነው ወገኖቼ። በካልጋሪ ደቡብ ምሥራቅ፣ በባቡር ሐዲድና በቦው ወንዝ መሃል ያለች የድሮ የሠራተኛ ሰፈር ናት። ስሟን ያገኘችው የካናዳ ፓስፊክ ባቡር ኩባንያ ምክትል ፕሬዚዳንት ከነበሩት ከሚስተር ኦግደን ነው። ኩባንያው እዚህ ትልቅ የባቡር መጠገኛ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1913 ሥራ አስጀመረ፤ ሰፈሩም በዙሪያው አደገ። ድሬዳዋን የምታውቁ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። እሷም በ1902 ባቡሩ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው።

ዛሬ ይቺን ሰፈር ላስጎበኛችሁ ነው። የማስጎበኛችሁ ግን በእህቴ ልጅ ዓይን ነው። እኔ እዚህ ምግብ ቤት ከፍቼ ስንት ዓመት ስኖር ያላየሁትን፣ እሷ በአንድ ሴሚስተር አይታ አሳየችኝ።

አትክልተኛ ልትሆን ነው?

የእህቴ ልጅ ባዮሎጂ ተምራ ስትጨርስ ሁላችንም ፋርማሲ ትቀጥላለች ብለን ነበር። እሷ ግን "ላንድስኬፕ አርኪቴክቸር ልማር ነው" አለች። እህቴ ቃሉን ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። ከዚያ ወደ ኩሽናዬ መጥታ፣ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ "አትክልተኛ እንድትሆን ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ሌሊት ቢሮ ሳጸዳ የኖርኩት?" ብላ አለቀሰች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም በልቤ ከእህቴ ጋር ነበርኩ።

በኋላ ነው የገባኝ። ሕንፃውን የሚነድፈው አርክቴክት ነው። ከሕንፃው ውጭ ያለውን፣ መናፈሻውን፣ አደባባዩን፣ የልጆች መጫወቻውን፣ የእግረኛ መንገዱን፣ የዝናብ ውሃ የሚሄድበትን ሁሉ የሚነድፈው ደግሞ ላንድስኬፕ አርክቴክት ነው። አዲስ አበባ ሄዳችሁ በ2020 የተከፈተውን የወዳጅነት ፓርክ ወይም በ2021 ታድሶ የተከፈተውን መስቀል አደባባይ ካያችሁ፣ የዚህን ሙያ ሥራ በእግራችሁ ረግጣችኋል። እዚሁ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲም ትምህርቱ በማስተርስ ደረጃ ይሰጣል።

የተሰጣት የቤት ሥራ ይህ ነበር፦ የምታውቁትን ሰፈር ምረጡ፣ ማንም የማያያትን አንዲት የሕዝብ ቦታ ፈልጉ፣ ለእሷ ንድፍ ሥሩ። እሷ የመረጠችው ከምግብ ቤቴ ጎን፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ያለችውን የሣር ቁራሽ ነው። "ይቺን?" አልኳት። እኔ የማውቃት በዊንተር የጠረግሁትን በረዶ ስከምርባት ብቻ ነው።

መጀመሪያ መሬቱን መጠየቅ

እርሳስ ከማንሳቷ በፊት በእግር አዞረችኝ። ከወንዙ በላይ ወዳለው ሊንቪው ሪጅ ወደሚባለው ከፍታ ወሰደችኝ። ከዚያ ላይ ቁልቁል የወንዙ ሸለቆ ይታያል። "አጎቴ፣ እንዲህ የሚያምር እይታ ያለው ቦታ ላይ ቤት ለምን ጠፋ?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ገንዘብ ያለው ሰው ጠፍቶ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1923 እስከ 1975 ድረስ በኦግደን የነዳጅ ማጣሪያ ነበር። ከተዘጋ በኋላ ከመሬቱ በከፊሉ ላይ ቤቶች ተሠሩ፣ ቤተሰቦች ገቡ፣ ልጆች ግቢው ውስጥ አፈር እየቆፈሩ ተጫወቱ። በ2001 አፈሩ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረትና የነዳጅ ቅሪት መኖሩ ይፋ ሆነ። እርሳስ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ቤቶች ተገዝተው ፈረሱ።

እዚያ ቆመን ብዙ አላወራንም። እኔም ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ፤ ቤት ገዝቶ፣ ዕቃ አስገብቶ፣ ከዚያ እንዲህ መባል ምን እንደሚመስል አሰብኩት። እሷ "መሬት አይረሳም" አለችኝ። ስለዚህ የሙያው የመጀመሪያ ሥራ መሳል ሳይሆን መጠየቅ ነው። እዚህ በፊት ምን ነበር? አፈሩ ምን ይዟል? ውሃው ወዴት ይፈሳል? ከታች በወንዙ ዳር ያለው ቢቨርዳም ፍላትስ መናፈሻም በ2013 ጎርፍ ተጎድቷል። ወንዝም እንደ መሬት የድሮ መንገዱን አይረሳም።

የመጀመሪያው ሥዕል

ከዚያ ሥዕሉ መጣ። ወይ ሲያምር! መሃሉ ላይ ፏፏቴ፣ ከጎኑ እንደ መሶብ ክብ የሆነ መድረክ፣ መሬቱ ላይ በቀለም ድንጋይ የተሠራ የስፌት ጥለት። እህቴ እንኳ ፈገግ አለች። እኔ ፎቶ አንስቼ ለደንበኞች አሳየሁ።

በትምህርት ቤታቸው ተማሪው ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ አስተማሪዎች ቆመው ይተቻሉ። አንዷ አስተማሪ የእሷን ለረጅም ጊዜ አየችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት፤ "በየካቲት ወር፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ እዚህ ማን አለ?"

መልስ አልነበራትም። ፏፏቴው በካልጋሪ ብርድ ግማሹን ዓመት ደረቅ ነው። መድረኩ ላይ በረዶ ይተኛበታል። ማታ ምግብ ቤት መጥታ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ሽሮ አቀረብኩላት። አልነካችውም። "ሰዎቹን ሳልጠይቅ ለሰዎች ሣልኩ" አለችኝ።

መስኮት ሥር ሦስት ቀን

በማግስቱ ደብተር ይዛ መጣችና መስኮቱ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ያዘች። አንድ የሥራ ቀን፣ አንድ ቅዳሜ፣ አንድ እሑድ። የሚያልፈውን ሰው ሁሉ በጭረት መዘገበች፤ ማን ቆመ፣ የት ቆመ፣ ስንት ደቂቃ፣ ወደየት ፊቱን አዞረ። እኔ ሳቅኩባት። እሷ ግን ዊልያም ዋይት የሚባል አሜሪካዊ በ1970ዎቹ የኒውዮርክን አደባባዮች በካሜራ እየቀረጸ እንዲሁ ሲቆጥር እንደነበር ነገረችኝ። ያ ሁሉ ቆጠራ የሰጠው መልስ ቀላል ነው፤ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። ይሄንንማ እኔም አውቃለሁ ልትሉ ትችላላችሁ። ታዲያ ስንት አደባባይ መቀመጫ ሳይኖረው ተሠርቷል?

ደብተሯ ውስጥ የተጻፈው እኔን አስገረመኝ።

አንደኛ፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ፌርማታው ጋ አይቆምም። ወደ ምግብ ቤቴ ግድግዳ ይጠጋል፤ ግድግዳው ወደ ደቡብ ስለሚያይ ፀሐይ ያገኛል፣ ነፋሱንም ይከላከላል። እዚህ ላይ ልጆች ልብ በሉ። በታኅሣሥ 21 እኩለ ቀን ላይ ካልጋሪ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትወጣ፣ 6 ሜትር ቁመት ያለው ቤት ከ20 ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል። በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ የዚያው ቤት ጥላ 4 ሜትር አይሞላም። እኛ አገር ቤት ጥላ ፍለጋ ዋርካ ሥር የምንሰበሰብ ሰዎች ነን። እዚህ ደግሞ ፀሐይ ፍለጋ ግድግዳ እንጠጋለን።

ሁለተኛ፣ የእግረኛ መንገዱ ሣሩን ዞሮ ይሄዳል፤ ልጆቹ ግን ሣሩን በሰያፍ አቋርጠው ያልፋሉ። በረዶው ላይ አንድ ቀጭን አቋራጭ ወጥቷል። እኔ "ሥርዓት የላቸውም" እል ነበር። እሷ ግን "እግራቸው ንድፉን ሠርቶልኛል" አለች።

ሦስተኛው ስለ እናቴ ነበር።

ሁለት መቶ እርምጃ

እማዬ 78 ዓመቷ ነው። ከእህቴ ጋር፣ ከምግብ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ ትኖራለች። ዊንተር ሲገባ ከቤት መውጣት ትታለች። ብርዱን ጠልታ መስሎን ካፖርት ገዛን፣ ቦት ጫማ ገዛን። አልወጣችም።

የልጅቷ ደብተር እንዲህ ይላል፦ "እማማ ከቤት እስከ ፌርማታው 400 እርምጃ አላት። 200 ላይ ስትደርስ ትቆማለች። የሰው አጥር ትይዛለች። ዙሪያዋን ታያለች። ከዚያ ትመለሳለች።"

ጉልበቷ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ማረፊያ የላትም። እዚያ ላይ ዙሪያዋን የምታየው መቀመጫ ፍለጋ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ቡና ልቀዳ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ቡና ግን አልቀዳሁም።

ጎንደር እያለን እማዬ ገበያ ደርሳ፣ ቤተ ክርስቲያን ስማ፣ ለቅሶ ደርሳ ነበር የምትመለሰው። ያኔም ጉልበቷን ያማት ነበር። ግን በየደጁ "አረፍ በይ እንጂ!" የሚል አይጠፋም፤ በርጩማ ይወጣል፣ ውሃ ይቀርባል። የመናፈሻ ወንበር ምን ያደርግልን ነበር? መንገዱ ሁሉ ደጅ ነበር። እዚህ ደጆቹ ዝግ ናቸው። ክፋት አይደለም፣ ብርድ ነው፣ ሥራ ነው፣ መተዋወቅ የለም። ስለዚህ "አረፍ በይ" የሚለውን ሰው ቀድሞ አስቦ፣ ለክቶ፣ መሬት ላይ መትከል አለበት። የእህቴ ልጅ ሙያ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ሥዕል

ሁለተኛው ሥዕል ላይ ፏፏቴ የለም። 1 ሴንቲሜትሩ 2 ሜትር በሆነ ልክ የተሣለ ነው። ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አሉት፤ ፊታቸው ወደ ደቡብ፣ ቁመታቸው 45 ሴንቲሜትር ገደማ፣ የጀርባም የክንድም መደገፊያ ያላቸው። የክንድ መደገፊያ የሌለው ወንበር ላይ አዛውንት ቁጭ ትላለች እንጂ መነሳት ይቸግራታል። በስተሰሜን ቅጠሉ የማይረግፍ ስፕሩስ የሚባለው የዚህ አገር ጥድ ተተክሏል፤ ነፋስ ይመክታል። መንገዱ ልጆቹ እግራቸው ባወጣው አቋራጭ ይሄዳል፤ ዊልቼርና የልጅ ጋሪ እንዲያልፍም 20 ሜትር ሲሄዱ ከ1 ሜትር በላይ ከፍ አይልም። ለማታ ፈረቃ ሠራተኞች መብራት አለ። ሦስተኛ ወንበር ደግሞ ከሣሩ ውጭ፣ 200ኛው እርምጃ ላይ አስቀመጠች።

በጎኑ ለልጆች የተጋደሙ ግንዶች አሉ፤ ለመውጣትም ለመዝለልም። ይህን የወሰደችው ከኮርኔሊያ ኦበርላንደር ነው። እኚህ ሴት ጀርመን ተወልደው፣ በወጣትነታቸው ናዚዎችን ሸሽተው ተሰደዱ፤ በኋላ ቫንኩቨር ኖረው ከካናዳ ታላላቅ ላንድስኬፕ አርክቴክቶች አንዷ ሆኑ። በ1960ዎቹ ባሕር ዳር የሚቃጠሉትን ግንዶች አይተው "ለሰው መቀመጫ ይሁኑ" ያሉ እሳቸው ናቸው። ዛሬም የቫንኩቨር ሕዝብ ግንዶቹ ላይ ተደግፎ ባሕር ያያል። ስደተኛ ናት ብሎ ማን ያስታውሳል? ወንበሯ ግን አለች።

በመጨረሻው ግምገማ ቀን እህቴ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ሄደች። ልጇ ስለ 200ኛው እርምጃ ስታስረዳ ሰማች። ሲመለሱ መኪና ውስጥ "አትክልተኛ" የሚለው ቃል አልተነሳም።

ታዲያ ተሠራ?

አልተሠራም። የተማሪ ሥራ ነው፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወረደ። ግን እኔ ፈቃዱን ጠይቄ፣ ደቡብ በሚያየው የምግብ ቤቴ ግድግዳ ሥር አንድ መደገፊያ ያለው ወንበር አስቀመጥኩ። 200ኛው እርምጃ ላይ አጥራቸውን የምትይዝባቸውን ጎረቤት እህቴ ሄዳ አነጋገረቻቸው፤ ከደጃቸው ፕላስቲክ ወንበር አወጡ። እማዬ መጋቢት ላይ በእግሯ መጥታ ደጄ ላይ ተቀመጠች። ከአንዲት ፊሊፒናዊት አውቶቡስ ጠባቂ ጋር በየራሳቸው ቋንቋ ሲያወሩ ከመስኮቱ አየኋቸው።

አንድ ጥፋቴንም ልናገር። ግሪን ላይን የሚባለው አዲሱ የከተማ ባቡር በኦግደን በኩል እንዲያልፍ ታቅዷል፤ ጣቢያም ይኖረዋል። በጣቢያ ዙሪያ አደባባይ፣ መንገድ፣ ወንበር አለ። ስለ ሰፈር ሥራ "ኑና አስተያየት ስጡ" የሚል ወረቀት ቤቴ ሲመጣ እኔ ከማስታወቂያ ጋር እጥለው ነበር። "የእኔ እንግሊዝኛ ምን ሊያደርግላቸው" እያልኩ። አሁን እሄዳለሁ። እናንተም ሂዱ። 311 ደውላችሁ ስለ ሰፈራችሁ ጠይቁ፤ ቋንቋው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። 200ኛውን እርምጃ የሚያውቀው ከእማዬ ጋር የሚኖር ሰው ነው።

ለልጆች፣ ለዚህ ቅዳሜ

ከእናት ከአባታችሁ ወይም ከአያታችሁ ጋር ደብተር ይዛችሁ ውጡ። ከቤታችሁ እስከ ፌርማታ እርምጃ ቁጠሩ። ፀሐይ ያለበትን ቢጫ፣ ጥላውን ሰማያዊ ቀቡ። ሰው ሣሩ ላይ ያወጣውን አቋራጭ ፈልጉ። ከዚያ አያታችሁን "የት ላይ ይደክምሻል?" ብላችሁ ጠይቋት፤ እዚያ ላይ ወንበር ሣሉ።

ሥዕሉን ይዛችሁ ምግብ ቤቴ ብትመጡ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። ሻዩ በእኔ ነው።