ትልቁ ሳይሆን የሚስማማው

ዛሬ ከፖለቲካው ዞር ብለን ስለ መኪና እናውራ። ከአባቴ የወረስኳት ባለ 1600 ሞተር ቮልስ የሽሮ ሜዳን ዳገት የምትወጣው እያቃሰተች ነበር። ጉልበት ልጨምርላት ብዬ ከጽሑፍ ሥራ ያጠራቀምኩትን ይዤ ጋራዥ ሄድኩ። ልቤ ያረፈው ሁለት ባለ ሁለት ጉሮሮ ዌበር 40 ካርቡሬተር ላይ ነበር።

መካኒኩ ጋሼ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ሞተሩ ያው ነው። ጉሮሮው ሲሰፋ አየሩ ይዘገያል፤ ነዳጁን በደንብ አይስብም። ከመብራት ስትነሳ ታንቃለች።»

ሁለተኛው ነገር ከፍታው ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላ ያጠቁራል፤ ኪስ ያራቁታል።

በመጨረሻ ሁለት ባለ አንድ ጉሮሮ ዌበር 34 መረጥን። ለሞተሩ ለእያንዳንዱ ጎን አንድ ስለሆነ ነዳጁ ከመሀል ተነስቶ ረጅም ቱቦ መጓዝ ቀረለት። ጋሼ የነዳጅ ማሳለፊያዎቹን ባነሰ ቀዳዳ ቀየሩ፤ ከዚያ ሁለቱን እኩል እስኪተነፍሱ በጆሯቸው እያዳመጡ አስተካከሉ። ቮልሴ የውድድር መኪና አልሆነችም፤ ዳገቱን ግን ሳታቃስት ትወጣለች።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። ኤሌክትሪኩን አልቃወምም። ነገር ግን ከውጭ የመጣን ዕቃ ለራሳችን ዳገት የሚያስማማ ሰው ነገም ያስፈልገናል። ጋሼን «ሙያውን ለማን እያስተማሩ ነው?» አልኳቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «የሚጠይቀኝ የለም» አሉኝ።