ቲቸር ፒክአፕ አልገዛም

ሰሞኑን «ቲቸር ሃይሉክስ ገዛ» የሚል ወሬ ከመቱ ተነስቶ ጎሬ ደርሷል አሉ። እውነት በሆነ! በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የአሮጌውም ዋጋ ሰማይ ነክቷል፤ በእኔ ጡረታ ጎማዋም አይገዛ። ተከራይቼ ነው።

ሚያዝያ ላይ ከእህቴ ልጅ ጋር ከአሌና ከቡሬ ገጠር የጫካ ማር እየሰበሰብን መቱ ልናመጣ ተነሳን። ማሩ የሚደርሰው ደግሞ ዝናቡ ሲጀምር ነው። ያገሬ ልጆች ያንን ጭቃ ታውቁታላችሁ። ባጃጅ አይገባም፣ አይሱዙ ለኛ ይበዛል። የሚያዋጣው ፒክአፕ ነው፣ ያውም አራቱም ጎማ የሚጎትት።

ደላላው የመጀመሪያዋን መቱ ላይ አሳየን። ታጥባ ታብረቀርቃለች። ኮፈኑን ሲከፍተው ሞተሩም ታጥቧል። የታጠበ ሞተር ዘይት የት ጋ እንደሚያፈስ አይናገርም። «ነገ ጠዋት ሳትሞቅ መጥተን እናስነሳት» ስለው ቅር አለው። ታርጋዋን ባይ ደግሞ ኮድ 2፣ የቤት መኪና። ኢንሹራንሷ የተገባው ለቤት አገልግሎት ነው፤ ኪራይ ላይ እያለች ብትገለበጥ ኩባንያው «ለዚህ አልተዋዋልንም» ማለቱ ነው። «ማን ያያል ቲቸር?» አለኝ። ስትገለበጥ ሁሉም ያያል!

ሁለተኛዋን ፍለጋ በሁሩሙና በያዮ አድርገን በደሌ ሄድን። ኮድ 3፣ ባለ ሁለት ጋቢና። ባለቤቱ ከግቢው ብቅ ሲል «ቲቸር!» ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። ስምንተኛ ክፍል ታሪክ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ደላላው በመንገድ ላይ «በወር 120,000፣ ነዳጅ በእናንተ» እያለን ነበር። ልጁ ግን «ከእርስዎማ 80,000 ይበቃኛል» አለ። የደላላው ፊት ጠቆረ።

ዋጋ ሲቆለልብኝ መከራከር አውቃለሁ። ሲወርድልኝ ምን እንደሚባል ግን ማንም አላስተማረኝም። ነገ መኪናዋ ብትበላሽ በምን አፌ እናገረዋለሁ? ግማሽ ሰዓት እኔ ወደ ላይ እሱ ወደ ታች ስንጎተት ቆይተን 95,000 ላይ ተስማማን።

«እንግዲህ ውል እንጻፍ» ስል ከፋው። «ከእኔ ጋርም ውል?»

«መኪናህ ሰው ብትጎዳ» አልኩት፣ «ሕጉ ባለመኪናውንም ይጠይቃል። ወረቀቱ ለኔ ብቻ አይደለም።» ዝም ብሎ ወረቀት አመጣ። የሚያበቃበት ቀን ላይ ስንደርስ «ማሩ እስኪያልቅ ብለው ይጻፉት» አለኝ። ሳቄ መጣ። «ጋምቤላን ረሳሃት እንዴ?»

የረሳችሁ ካላችሁ፦ ምኒልክ በ1894 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ባሮ ወንዝ ላይ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ አከራዩ። የጎሬ ቡና በዚያ በኩል በጀልባ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። ውሉ የሚያበቃበት ቀን አልነበረውም፤ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ይላል። በመሃል ጣሊያን መጥቶ ሄደ፣ ውሉ ግን ሱዳን በ1948 ነጻ እስክትወጣ ቆየ። ግማሽ ምዕተ ዓመት! «ሰኔ 30 ብለህ ጻፍ» አልኩት።

በሦስተኛው ሳምንት ከቡሬ ስንመለስ ፍሪሲዮኗ አለቀ። ውላችን «በእርጅና የተበላሸ በአከራይ፣ በአነዳድ ጥፋት የተበላሸ በተከራይ» ይላል። ደወልኩለት። «አርጅቶ ነው ቲቸር፣ የኔ ነው» አለ፣ ሳይጠይቀኝ። የእህቴ ልጅ አጠገቤ መሬት መሬት ያያል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ መኪናዋን ጭነት እንደሞላች ግማሽ ፍሪሲዮን ረግጦ ጭቃ ውስጥ ሲያስጮኻት እኔው ነበርኩ ከኋላ የምገፋው። ሽታውም እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

ዝም ብል ያልፍ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ደቂቃ ያህል አስቤበታለሁ፤ የፍሪሲዮኑ ዋጋ የሳምንቱን ትርፍ ይበላል። ከዚያ ነገርኩት።

ስልኩ ጸጥ አለ። ቆየት ብሎ «ቲቸር፣ እኔም ልንገርዎት» አለ። «ስሰጥዎ ሊያልቅ እንደተቃረበ አውቅ ነበር። 80,000 ያልኩት ለእሱም ጭምር ነው።»

ልቆጣ ነበር። ግን ወደ 95,000 የጎተትኩት እኔው ነኝ! እሱም መሳቅ ጀመረ። ግማሽ ግማሽ ከፈልን፤ በማግስቱ መካኒክ ይዞ ራሱ ጎሬ ድረስ መጣ፣ ሁለት ኪሎ ማርም ገዝቶ ሄደ። በነጻ ውሰድ ብለው እንቢ አለኝ።

ውሉ ሰኔ 30 ያልቃል። እስከዚያ ጎሬ ዳገት ላይ ካያችሁን እጅ አንሱልን፤ ግን አታስቁሙን፣ የእህቴ ልጅ ዳገት ላይ ማስነሳት ገና እየተማረ ነው።